በጅቡቲ ከተማ የሌሊት መዝናኛ ቤትን ስለ ማስተዳደር ኀላፊነት

መግቢያ

የሌሊት መዝናኛ ቤት፣ ይኸውም በተለምዶ ናይት ክለብ ወይም ዳንስ ቤት የሚባለው፣ ሰው ከቀን ሥራው ተፈትቶ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ የሚጨፍርበትና የሚጠጣበት ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ቀላል ንግድ ይቈጥረዋል፤ መጠጥ ገዝቶ በትርፍ መሸጥ፣ ሙዚቀኛ መቅጠርና በር መክፈት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ነገሩ በደንብ ሲመረመር ከሱቅም ከምግብ ቤትም የከበደ ሆኖ ይገኛል። ባለሱቅ የሚጠብቀው ዕቃውን ነው፤ የመዝናኛ ቤት ሥራ አስኪያጅ ግን የሚጠብቀው ሰውን ነው፤ ያውም በጨለማ፣ በጩኸትና በስካር መካከል ያለውን ሰው።

በዚህ ሥራ ላይ በየአገሩ የደረሱት ከባድ ጥፋቶች ሲመረመሩ ከብዙዎቹ በስተኋላ አንድ ስሕተት ይገኛል። እርሱም ገንዘብን በሒሳብ ከመጠበቅ ይልቅ በቁልፍ ለመጠበቅ መሞከር ነው። ሒሳቡን ያልከፈለ ደንበኛ እንዳያመልጥ የኋላው በር ይቈለፋል፤ ብድር ያለባት ሠራተኛ እንዳትሄድ ፓስፖርቷ በሣጥን ይቈለፋል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሒሳቡ የተስተካከለ ቤት ማንንም መቈለፍ አያስፈልገውም፤ የገባውንም ሁሉ በደኅና ያስወጣል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ይለመናል።

1ኛ፤ ስለ ከተማዪቱና ስለ እንግዶቿ

ጅቡቲ በ1880ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳዮች የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 በሰጡት ፈቃድ የተነሣ የተሠራው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ስለ ደረሰ፣ የከተማዪቱ ኑሮ ከኢትዮጵያ ኑሮ ጋራ ተሳሰረ። ከ1998 ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በዚሁ ወደብ ስለሚያልፍ የከባድ መኪና ነጂዎች፣ ነጋዴዎችና የመርከብ ሠራተኞች ዘወትር ይገናኙባታል።

ከእነዚህ ሌላ የውጭ አገር ወታደሮች አሉ። የፈረንሳይ የባዕዳን ሌጅዮን 13ኛ ግማሽ ብርጌድ ከ1962 እስከ 2011 በዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ሌሎች የፈረንሳይ ጦር ክፍሎች ግን አሁንም አሉ። አሜሪካኖች ከ2002፣ ጃፓኖች ከ2011፣ ቻይኖች ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የየራሳቸው የጦር ሰፈር አላቸው። ቡና ቤቶችና ዳንስ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የተሰበሰቡት ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው ስፍራ ዙሪያና የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጐዳና ነው። አደባባዩ አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት በጁን 27 ቀን 1977 ስም ቢሰየምም፣ ሕዝቡ የምኒልክን ስም አልረሳውም።

የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ የመዝናኛ ቤት አስተዳዳሪ ይህን ማክበር ግዴታው ነው። በረመዳን ወር ሥራውን በልክ ማድረግ፣ ሙዚቃውን ከደጅ እንዳይሰማ መግታት፣ ሰካራምም በመስጊድ አጠገብ እንዳይንገላታ መጠበቅ ከመልካም ጎረቤትነት የሚቈጠር ነው። ዐርብ የዕረፍት ቀን በመሆኑ ብዙ ሰው የሚወጣው ኀሙስ ማታ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ጥንቃቄ ሁሉ የሚፈተነው በዚያች ሌሊት ነው።

2ኛ፤ ስለ በርና ስለ ሰው ብዛት

በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ኮኮናት ግሮቭ በሚባል ዳንስ ቤት በኖቬምበር 28 ቀን 1942 በተነሣው እሳት 492 ሰዎች ሞቱ። የግድግዳውና የጣራው ጌጥ ቶሎ የሚነድ ነበር። ዋናው መግቢያ ተሽከርካሪ በር ስለ ነበር ሰው ተጨናንቆበት ቆመ፤ ከሌሎቹም በሮች የተቈለፉ ነበሩ። የቤቱ ጌታ ባርኔት ዌላንስኪ በሰው ነፍስ መጥፋት ተከሶ ከ12 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በፈረንሳይ አገር፣ በሳን ሎራን ዱ ፖን፣ በኖቬምበር 1 ቀን 1970 በአንድ ዳንስ ቤት ላይ በደረሰው እሳት 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ። መግቢያው አንድ በአንድ የሚያሳልፍ ተሽከርካሪ ብረት ነበር፤ የአደጋ መውጫዎቹም ተዘግተው ነበር። በዚህ ጕዳይ የተከሰሰው የቤቱ ኀላፊ ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ከንቲባም ለፍርድ ቀርቦ ተፈርዶበታል። ፈቃድ የሚሰጥና የሚመረምር ሹም ሁሉ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

በብራዚል፣ በሳንታ ማሪያ ከተማ፣ በጃንዋሪ 27 ቀን 2013 ሙዚቀኞች በመድረክ ላይ ያቀጣጠሉት ርችት ድምፅ ለማፈን በጣራው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አያያዘው፤ 242 ሰዎችም ሞቱ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የበር ጠባቂዎቹ ሰው ሒሳብ ሳይከፍል የሚሸሽ መስሏቸው መንገድ ዘግተው ነበር።

ከእነዚህ ሦስት አደጋዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስፖንጅ ሲነድ የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው፤ ሰውን ከነበልባሉ በፊት የሚገድለው እርሱ ነው። በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ፣ በ2003 በተቃጠለውና 100 ሰዎች በሞቱበት ዳንስ ቤት የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ እሳቱ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሊተርፍ የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። ስለዚህ ቁልፍ የሚፈለግበት ጊዜ የለም።

የሰውን ልክ ለማወቅ በፈረንሳይ አገር ለዳንስ አዳራሾች የሚሠራበት ሒሳብ ይጠቅማል። በዚህ ደንብ በ3 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 4 ሰዎች ይታሰባሉ፤ የሙዚቀኞች መድረክና የማይንቀሳቀስ ባንኮኒ የያዙት ስፍራ ይቀነሳል። ለምሳሌ የአዳራሹ ርዝመት 20 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 180 ካሬ ሜትር ነው። መድረኩና ባንኮኒው 30 ካሬ ሜትር ቢይዙ 150 ይቀራል። ይህም ለ3 ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 200 ሰው ይሆናል። ኀሙስ ማታ 320 ሰው ያስገባ ሥራ አስኪያጅ እንግዲህ የ120 ሰዎችን ነፍስ ያለ ስፍራ አስቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ በበሩ ላይ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚቈጥር አንድ ሰው መመደብ አለበት።

መውጫዎቹ ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ይሁኑ። በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ በላያቸውም መብራት ቢጠፋ የሚበራ ምልክት ያለባቸው ይሁኑ። የቢራ ሣጥንና ትርፍ ወንበር በመተላለፊያ ላይ መከመር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የኤሌክትሪክ ኀይል ሲቋረጥ የሚሠራው ጄኔራተር ደግሞ ከቤቱ ውጭ፣ ጢሱ ወደ አዳራሹ በማይመለስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ከጢሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ሰውን ይገድላልና።

3ኛ፤ ስለ ጸጥታ

ጅቡቲ በዚህ ረገድ የራሷ መራራ ትዝታ አላት። በማርች 18 ቀን 1987 ኢስቶሪል በሚባለው ቡና ቤት በፈነዳው ቦምብ ከ10 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በሜይ 24 ቀን 2014 ደግሞ ላ ሾሚዬር በሚባለው ምግብ ቤት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ባደረሱት ፍንዳታ ሰው ሞተ፣ ብዙዎችም ቈሰሉ፤ የሶማሊያው አልሸባብም አድራጎቱ የእኔ ነው ብሎ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ በየመዝናኛ ቤቱ ደጃፍ ፍተሻ ማድረግ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም።

ሆኖም የጸጥታ ጥንቃቄና የእሳት ጥንቃቄ አንዳንድ ጊዜ የሚጋጩ ይመስላሉ። ዘበኛው፣ «የኋላው በር ክፍት ከሆነ ክፉ ሰው ይገባበታል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የእሳት መርማሪው ደግሞ፣ «በሩ ከተዘጋ ሰው ያልቃል» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ለዚህ መፍትሔው ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት በር ማስገባት ነው። ዋጋው ከጥቂት ሌሊት ገቢ የማይበልጥ ሲሆን ሁለቱንም አደጋ ያስቀራል።

ፍተሻው በሥርዓት ይሁን። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ትፈትሽ። ተራ ጠባቂው ሕዝብ በደጃፉ እንዳይከማች ይደረግ፤ ከደጅ የተከማቸ ሕዝብ ራሱ ለአደጋ የተጋለጠ ነውና። የበር ጠባቂ ጕልበተኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጠብን ከመነሣቱ በፊት የሚያበርድ ሰው መሆን አለበት። የተጣሉትን በአንድ በርና በአንድ ሰዓት ወደ ውጭ መግፋት ጠቡን ወደ ጎዳና ማዛወር ስለ ሆነ፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማስቀደም ይሻላል። የውጭ አገር ወታደር ያለበት ጠብ ሲሆን የከተማው ፖሊስና የወታደሩ ሰፈር ኀላፊዎች በቶሎ እንዲያውቁ የስልክ ቍጥራቸው በባንኮኒው አጠገብ ተጽፎ ይቀመጥ።

4ኛ፤ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ድምፅ

በጅቡቲ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም ብዙ አይቀዘቅዝም። በእንዲህ ያለ አየር የሚጨፍርና የሚጠጣ ሰው የሰውነቱ ውሃ ቶሎ ያልቅበታል። ደግሞም ብዙ ሰው ወደ ቀትር ገደማ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ጫት ከሰዓት በኋላ ቅሞ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ማለት ጨብሲ ለማድረግ፣ ወደ መዝናኛ ቤት ይመጣል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚያጠፋ ሰውዬው ባዶ ሆዱን ነው፤ ድካሙም ስለማይሰማው ስካሩን አያውቀውም። ስለዚህ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ዋጋ መስጠት፣ ቀላል ምግብም እስከ መዝጊያው ሰዓት ማቅረብ ይገባል። በረዶውም ከንጹሕ ውሃ የተሠራ መሆኑ ይረጋገጥ።

ለሰከረ ሰው መጠጥ መጨመር ትርፍ ሳይሆን ኪሣራ ነው። ሰካራም ቢተኛ በጀርባው እንዳይሆን በጎኑ ማስተኛት፣ ትንፋሹን እየተመለከተ የሚቀመጥ ሰው መመደብ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነም ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። መኪና ሊነዳ ለተነሣ ሰካራም ታክሲ ማስመጣት የቤቱ ተግባር ነው። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ መግዛት፣ ወይም በታወቀ ጠርሙስ ሌላ መጠጥ መሙላት ደግሞ ከማጭበርበር ያለፈ ወንጀል ነው፤ እንዲህ ባለው መጠጥ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል ጥቂቱ ዓይን ያሳውራል፣ ሲበዛም ይገድላል። ለልጆች አለመሸጥም በብዙ አገር የተጠበቀ ደንብ ነው፤ በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል።

ስለ ድምፅ ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቤት ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ሲለካ ከ100 ደሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ደንበኛ በሳምንት አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ አሳላፊውና መጠጥ ቀጂው ግን ሌሊቱን ሁሉ፣ ዓመቱንም ሁሉ በዚያው ናቸው። ለሠራተኛ ጆሮ ለ8 ሰዓት ደኅና ነው የሚባለው 85 ደሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ደሲቤል በጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ደሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሠራተኞች የጆሮ መድፈኛ መስጠት፣ ባንኮኒውንም ከድምፅ ማጉያው ማራቅ የሥራ አስኪያጁ ዕዳ ነው።

5ኛ፤ ስለ ሠራተኞች

በጅቡቲ ቡና ቤቶችና ዳንስ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሴቶች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ሥራውን ዐውቀው፣ አንዳንዶቹ ግን በደላላ ተስፋ ተታልለው ይደርሳሉ። የመንገድ ወጪ፣ የልብስና የመኝታ ክፍል ዋጋ እንደ ብድር ይጻፍባቸዋል፤ ፓስፖርታቸውም «ለጥበቃ» ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ብድሩ በየወሩ ያድጋል እንጂ አይጐድልም። እንዲህ ያለችው ሴት በሩ ክፍት ሳለ ተቈልፎባታል።

ይህ የጠባይ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጕዳይ ነው። በ1930 የተደረገውና የግዴታ ሥራን የሚከለክለው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት፣ በቅጣት ማስፈራሪያ ከሰው የሚገኘውንና ሰውዬው በፈቃዱ ያላቀረበውን ሥራ ሁሉ ያወግዛል፤ ጅቡቲም ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት ተቀብለዋል። ድርጅቱ የግዴታ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል መታወቂያ ወረቀትን መያዝ፣ ደመወዝን መከልከልና በዕዳ ማሰር ይገኙበታል። ጅቡቲ በ2016፣ ኢትዮጵያም በ2020 በሰው መነገድን የሚቀጣ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ፓስፖርት በሣጥኑ የቈለፈ አስተዳዳሪ፣ «የቤቱ ልማድ ነው» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ፈረንሳይኛ ለማታነብ ሠራተኛ በምታውቀው ቋንቋ ይነበብላት፤ አንድ ቅጅም ይሰጣት። ደመወዟ በወሩ መጨረሻ በፊርማ ይከፈል። ፓስፖርቷ በራሷ እጅ ይኑር፤ አደራ ማስቀመጥ ከፈለገች ቁልፉ የራሷ ይሁን። ደንበኛ ከሚገዛላት መጠጥ ብዛት በሚገኝ ድርሻ ብቻ እንድትኖር ማድረግ ጤናዋን ለቤቱ ትርፍ መሸጥ ስለ ሆነ ይቅር። ከደንበኛ ጋራ ለመሄድ ማንም አያስገድዳት፤ በሌላው ሰው ገላ የሚነግድ አስተዳዳሪ አስተዳዳሪ ሳይሆን ደላላ ነው። ስትታመም ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ጊዜ ይኑራት፤ ሥራው ሲያበቃ በሌሊት ወደ ቤቷ የሚያደርሳት መኪና ይዘጋጅላት። የኤምባሲዋና የፖሊስ ስልክ ቍጥርም በሠራተኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አንዳንድ ባለቤቶች፣ «ያበደርሁትን ይዛ ብትጠፋስ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ቀላል ነው። ብድር ከሰጠህ በወረቀት ስጥ፤ ልኩን ወስን፤ በየወሩ የሚቀነሰውን ጻፍና አስፈርም። ቀሪውን በፍርድ ቤት ትጠይቃለህ እንጂ በሰው ነጻነት ላይ መያዣ አትይዝም።

6ኛ፤ ስለ ሒሳብ

በመግቢያው እንደ ተገለጸው የቁልፍ ምትክ ሒሳብ ነው። ደንበኛ ሳይከፍል ይወጣል የሚለው ሥጋት የሚጠፋው መጠጡ በቀረበ ጊዜ ወዲያው ገንዘቡን በመቀበል፣ ወይም በመግቢያው አስቀድሞ ቲኬት በመሸጥ ነው። የተከፈለበት ብርጭቆ ያለው ደንበኛ በማናቸውም ደቂቃ በማናቸውም በር ቢወጣ ቤቱ የሚያጣው ነገር የለም።

የመጠጡ ቍጥጥርም እንዲሁ በልክ ይሠራል። ባለ 70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ በ4 ሳንቲ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 17 መለኪያ ይሆናል። በአንድ ሌሊት 6 ጠርሙስ ካለቀ 102 መለኪያ መሸጥ ነበረበት። ገንዘብ ተቀባዩ የ90 መለኪያ ዋጋ ካስረከበ የ12 መለኪያ ጕድለት አለ፤ የተደፋ ነው፣ የተጋበዘ ነው፣ ወይስ የተሰረቀ? ጥያቄው በዚያችው ሌሊት ካልተጠየቀ በማግሥቱ መልስ አያገኝም።

የገንዘብ ምንዛሪ ደግሞ የቤቱ ስም የሚመሰገንበት ወይም የሚጠፋበት ነው። ከ1973 ጀምሮ የ1 የአሜሪካ ዶላር ዋጋ 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ሆኖ ስለ ተወሰነ የ20 ዶላር ምንዛሪ ወደ 3,554 ፍራንክ ይደርሳል። ቤቱ የሚቀበልበት ዋጋ በባንኮኒው ላይ ተጽፎ ይሰቀል፤ መርከበኛው ሰክሯልና አይቈጥርም ማለት የሌባ ዐሳብ ነው።

7ኛ፤ የአንድ ሌሊት የሥራ ቅደም ተከተል

ሥራ አስኪያጁ ከመክፈቱ በፊት በራሱ እግር ዞሮ እያንዳንዱን መውጫ በእጁ ገፍቶ ይክፈት፤ የእሳት ማጥፊያውን ይመልከት፤ የጄኔራተሩን ስፍራ ይይ። መጠጡንና መነሻ ገንዘቡን ቈጥሮ ያስረክብ። ሠራተኞቹን ሰብስቦ አደጋ ቢደርስ ማን በየትኛው በር እንደሚቆም ያስታውስ። ሌሊቱ ሲጋመስ የሰውን ቍጥር ይጠይቅ፤ ልኩ ከሞላ አንድ ሰው ሲወጣ አንድ ብቻ ያስገባ። ከመዝጋቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት መጠጥ መሸጥ አቁሞ ሙዚቃውን ያለዝብ፤ መብራቱን ቀስ በቀስ ይጨምር። ሁሉ ከወጣ በኋላ መጸዳጃ ቤቱንና ጓዳውን ይመርምር፤ ተኝቶ የቀረ ሰው አይታጣምና። በመጨረሻም በመዝገቡ ላይ የሰውን ብዛት፣ ገቢውን፣ ጠብና ሕመም ቢኖር ያንኑ ጽፎ ይፈርም።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ ከ1974 በኋላ በነበረው የሰዓት እላፊ ዘመን በአዲስ አበባ ባሉ አንዳንድ ሆቴሎች ለጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ በዚያው ያድር ነበር። ያን ጊዜ ሰውን ያሳደረው የመንግሥት ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው እስከ ንጋት ቢቈይ በፈቃዱ ይሁን፤ መሄድ የፈለገ ደንበኛም ሆነ ሠራተኛ በሩን ራሱ ገፍቶ ይውጣ። የመዝናኛ ቤት ክብር በመብራቱ ብዛት ወይም በሙዚቀኞቹ ዝና አይለካም፤ ማታ የገቡት ሁሉ ሲነጋ በየቤታቸው በመገኘታቸው ይለካል። ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ትጋቱ ግን የየሌሊቱ ነው።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ርዝመቱ 16 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር የሆነ አዳራሽ መድረኩና ባንኮኒው 42 ካሬ ሜትር ቢይዙ ስንት ሰው ሊያስተናግድ ይችላል?

2. የጸጥታንና የእሳትን ጥንቃቄ በአንድነት ለመፈጸም የሚያስችለው በር ምን ዐይነት ነው?

3. የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝና የአደጋ መውጫን መቈለፍ በምን ይመሳሰላሉ?

4. በአንድ ሌሊት 4 ባለ 70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ አልቆ የ61 መለኪያ ዋጋ ቢገኝ ጕድለቱ ስንት ነው? ሥራ አስኪያጁስ ምን ሊያደርግ ይገባዋል?